የሆምሱ መምህርና አሥሩ ልጆች

ቋንቋን በዱላና በሽምደዳ ብቻ የተማረ ሰው፣ ሳቅን ከትምህርት ቤት ደጅ ቢያስቀረው አልፈርድበትም። በተለይም መድረሳ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ተኮሳተረ ሼህ ነው። እኔ ግን የባስራውን አል-ሐሪሪን (1054–1122 እ.ኤ.አ.) «መቃማት» ባሰብሁ ቁጥር ሌላ ዓይነት መምህር ይታየኛል።

«መቃማት» 50 ታሪኮችን የያዘ፣ የዐረብኛ ተማሪዎች ለዘመናት ቃላትና ሰዋስው የቀሰሙበት መጽሐፍ ነው። ባለታሪኩ አቡ ዘይድ አንደበተ ርቱዕ አታላይ ነው። በ46ኛው ታሪክ በሆምስ ከተማ ልጆች ሲያስተምር እናገኘዋለን። 10 ልጆችን በየተራ ያስነሣል፤ አንዱ ነጥብ በሌላቸው ፊደላት ብቻ፣ ሌላው ነጥብ ባላቸው ብቻ ግጥም ያሰማል። መምህሩም ያሞግሳቸዋል። በመጨረሻ ቀልዱ የሚያርፈው በራሱ ላይ ነው፤ ከሕፃናት ጋር የሚውል መምህር ውሎ አድሮ ልቡናው እንደሚያንስ በገዛ አፉ ይናገራል። አል-ዋሲጢ የተባለው ሠዓሊ በ1237 እ.ኤ.አ. ይህን ትምህርት ቤት በሥዕል አስቀርቶታል።

ነገር ግን ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ማውራት ውሸት አይደለምን? አል-ሐሪሪ ይህን ክስ በመቅድሙ አስቀድሞ ይመልሳል። ሥራ የሚመዘነው በኒያው ነው፤ እንስሳትን የሚያናግሩ ተረቶችንስ ማን አወገዘ? ሲል ይሟገታል።

ከእርሱ በፊትም በሐዲስ የሚተረክ ጨዋታ አለ። አንድ ሰው የሚጋልበው ግመል እንዲሰጡት ነብዩ ሙሐመድን ቢለምን፣ የግመል ልጅ እንደሚሰጡት ነገሩት። ሰውየው ግልገል መስሎት ግራ ተጋባ፤ እርሳቸውም ትልቁም ግመል የግመል ልጅ መሆኑን አስታወሱት። የእኛ ባለ ቅኔ ቢሰማ፣ ሰሙ ግልገል፣ ወርቁ ለጭነት የደረሰ ግመል ነው ይል ነበር። ጨዋታ ነው፤ ሐሰት ግን የለበትም። ቁርኣንም በሱረቱል ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ ሰው በሰው ላይ እንዳይሳለቅ ይከለክላል።

እነዚህን ሳስተያይ የሳቅ ድንበሩ ይታየኛል። አዲስ ቋንቋ የሚማር ሰው አፉን የሚከፍተው ክብሩን አስይዞ ነው። መምህር በቃል ቢጫወት፣ በራሱም ቢስቅ፣ ተማሪው ይደፍራል፤ በተማሪው ምላስ ከሳቀ ግን ያ ልጅ ዝምታን ይማራል። ይህን የሆምሱ አታላይ እንኳ ያውቅ ነበር።