«ብርድ ነው» የሚባለው ሕመም

ለመሆኑ ሴት ከእምብርቷ በታች ሲያማት አማርኛችን ምን ይለዋል? ኮልፌ መንገድ ዳር ጤና አዳምና ዳማ ከሴ ከሚሸጡት እናቶች አንዷን ጠይቁ፤ መልሱ አንድ ነው። ወገብ የሚቆርጠውም፣ ፈሳሽ የሚያበዛውም፣ ልጅ የሚከለክለውም «የማሕፀን ብርድ» ነው። ሐኪም ቤት ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ከታች ወደ ማሕፀን ይወጣል፤ ወደ ቱቦዎቹ ዘልቆም ብግነት ያስነሣል። ሳይታከም ከከረመ ቱቦዎቹ ጠባሳ ይዘው ይደፈናሉ። ሴቲቱ መካን ልትሆን ትችላለች፤ ወይም ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ ተቀምጦ ሕይወቷን አደጋ ላይ ይጥላል። «ብርድ ነው፣ ይለቃል» እየተባለ የሚያልፈው ጊዜ እንግዲህ እንዲህ ያለ ዋጋ አለው።

ስለ ቻይና ጥንታዊ ሕክምና ሳነብ ይኸው ብርዳችን እዚያም አጋጠመኝ። ቻይናዎችም «የቀዘቀዘ ማሕፀን» ይላሉ፤ መካንነትንና የወር አበባ ቁርጠትን ከእርሱ ጋር ያያይዙታል። ለብግነቱ ግን ሌላ ስም አላቸው፤ «ሙቀት ያዘለ እርጥበት» እና «የረጋ ደም» ይሉታል። በጽሑፍም ቀድመውናል። ከ1800 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ሐኪም ዣንግ ዦንግጂንግ ስለ እርግዝና፣ ስለ አራስነትና ስለ ልዩ ልዩ የሴቶች ሕመም ሦስት ምዕራፎች ትቶ አልፏል። የረጋ ደም ትበትናለች ብሎ ያዘዛት፣ የቀረፋ ለጋ ቅርንጫፍና የኮክ ፍሬ አስኳል የሚገቡባት የአምስት ነገር ቅመም ዛሬም በእንክብል መልክ ትሸጣለች። በ7ኛው መቶ ዘመን ሱን ሲሚያኦ በታላቁ የመድኃኒት መጽሐፉ የሴቶችን ሕክምና ከሌላው አስቀደመ። እ.ኤ.አ. በ1237 ደግሞ ቼን ዚሚንግ ከዳር እስከ ዳር ስለ ሴቶች ብቻ የሚናገር መጽሐፍ አዘጋጀ።

የሚያመሳስለን ብርዱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ማዋንግዱይ በተባለ ቦታ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ከቆየ መቃብር የወጣ የሐር ጽሑፍ በቀንድ ስለ መሳብ ሕክምና ይናገራል። ይህ የእኛው ዋግምት አይደለምን? ሕመምተኛዋን በሙቀት ማከምም በሁለቱም አገር አለ። ቻይናዎች አሪቲ መሰል ቅጠል አድርቀው ከሆድ በላይ ያጨሳሉ፤ በሰሜኑ አገራችን ደግሞ አራስ የነበረች ሴት ጋቢ ተከናንባ ወይባ ትታጠናለች። ይህ ልማድ ከተማም ገብቶ ዛሬ በአዲስ አበባ የውበት ሳሎኖች በገንዘብ ይሸጣል። ለነገሩ ሙቀቱ ሕመም ያስታግሥ ይሆናል፤ ጨብጥን ግን አይገድልም።

ልዩነታችን የሚጀምረው ከመጽሐፉ ነው። እኛም የመድኃኒት መጻሕፍት አሉን፤ መካን ስለሚያስወልድ፣ ደም ስለሚያቆም ዕፅ የሚናገሩ። ነገር ግን የደብተራው ምስጢር ናቸው፤ አባት ለመረጠው ልጁ ያወርሳቸዋል፤ አንዳንዱም ከነምስጢሩ ይቀበራል። ሴቲቱ የምታገኘው መጽሐፉን ሳይሆን ክታቡን ነው። በቁመቷ ልክ የተቆረጠ ብራና ይጻፍላታል፤ ውርዝልያን ያሸነፈው የሱስንዮስ ጸሎት ከሾተላይ እንዲጠብቃት በአንገቷ ይንጠለጠላል። በዚያ ላይ አዋቂውን «ቅጠል በጣሽ፣ ሥር ማሽ» እያልን ስንሰድበው ኖረን እውቀትህን አውጣ ብንለው እንዴት ያምነናል? በ1981 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታተመው የገላሁን አባተ «ዕፀ ደብዳቤ» ይህን ዝምታ ከሰበሩት ጥቂቶች አንዱ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል።

የቻይናው ሕክምና ራሱ ወደ እኛ መጥቷል። ሁለቱ አገሮች በኅዳር 1963 ዓ.ም. ግንኙነት መሠረቱ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮም የሄናን ግዛት የሐኪሞች ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ሲልክ ቆይቷል፤ በመርፌ የሚያክሙም አብረው ይመጣሉ። አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የዚሁ ወዳጅነት ፍሬ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቻይና ውስጥ ሆዷን ይዛ፣ ትኩሳት ይዟት ለመጣች ሴት የሥር ውኃ አፍልቶ ማጠጣት የመጀመሪያው ሕክምና አይደለም። ትመረመራለች፤ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ይታዘዝላታል። ዕፁና መርፌው የሚመጡት ከዚያ ጋር ወይም ከዚያ በኋላ ነው፤ ይልቁንም ለማይለቅ ለከረመ ሕመም። እንደዚያም ሆኖ ጥቅማቸውን ለማሳየት የተደረጉት ጥናቶች አብዛኞቹ ትንንሽና ደካማ ናቸው። ጥንታዊ እውቀት እንዴት እንደሚፈተን ማየት የፈለገ ወደ ቱ ዩዩ ይመልከት። የ4ኛው መቶ ዘመን መጽሐፍ አንድን ዕፅ በውኃ ዘፍዝፈህ ጭመቅ እንጂ አፍላ አለማለቱን ልብ ብላ፣ ሙቀቱን ቀንሳ የወባውን መድኃኒት አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። እኛም አክሊሉ ለማን የመሰለ ሰው ነበረን፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት እንዶድ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ የሚገድል ኃይል አገኘ። ይኸው እንዶድ በየመንደሩ ለጨብጥና ለማስወረድ ይጠጣል፤ መርዝነቱን ግን የሚናገር የለም።

ኮልፌ ውስጥ ያነጋገርኳቸው አንድ ሽማግሌ የባህል ሐኪም ስለ ብርዱ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ሳቁ። «ልጄ፣ ሴቷ ብቻዋን ስትመጣ አላክምም» አሉኝ። ለምን ብላቸው፣ ከዓመታት በፊት አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ ተመላልሳባቸው፣ በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ሕመሙ ከባሏ የመጣ ሆኖ መገኘቱን ነገሩኝ። ባልየው ግን ልጅ አልወለደችልኝም ብሎ ሌላ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አሁን ወይባም ቅጠልም ከመስጠታቸው በፊት ሁለቱንም ጤና ጣቢያ ይልካሉ።

«ይመለሳሉ?» አልኳቸው።

«ሴቶቹ ይመለሳሉ» አሉኝ።