ምድጃና ሊማሊሞ

ከደባርቅ ደጋ፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ካለው ስፍራ ተነሥቶ፣ በኢጣልያ ወረራ ዘመን ገደሉ ተፈልፍሎ በተሠራው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ መንገደኛ፣ ይህ ጎዳና ለጦር ሠራዊት ቢታሰብም ለምድጃው ታሪክ ጭምር በር መክፈቱን ልብ ሊል ይገባዋል። ቀድሞ በሦስት ጉልቻ መካከል እንጨትና ኩበት ብቻ ይነድ በነበረበት አገር፣ በመኪና ተጭኖ የመጣው ላምባ ከኩራዝ አልፎ ናስ ሆዷን ፕሪመስ መመገብ ጀመረ።

ይህች ምድጃ በ1892 እ.ኤ.አ. በስዊድን የተፈለሰፈች፣ ኖርዌያዊው ናንሰንም በዓመቱ ፍራም በተባለች መርከቡ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲጓዝ የያዛት ናት። ለመርከበኛውም ለስሜን ደገኛውም ምሥጢሯ አንድ ነው፤ ራሷ አስቀድሞ በስፒርቶ ይሞቃል፤ ከዚያም የታመቀው አየር ላምባውን ወደ ጋለው ቧንቧ ሲገፋው፣ ካህኑ ጽናውን ሲያወዛውዝ ፍሕሙ አየር አግኝቶ እንደሚግል፣ ተኑ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሰማያዊ ነበልባል ይሆናል። ማሞቁን ያቻኮሉ እንደሆነ ቢጫ እሳት ጥላሸት እየተፋ ይንቦገቦጋል። እሳቱ ቢደክም ቀዳዳዋ ተደፍኗልና በቀጭን ሽቦ ትወጋለች፤ ፓምፑ ቢላላ ቁርበቱ ደርቋልና በዘይት ይለሰልሳል። ይህን የሚያውቅ እጅ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከአንጥረኛ እጅ አያንስም።

ኋላ የመጣው የሲሊንደር ጋዝ ሌላ ጠባይ አለው። ቡቴን የተባለው በዜሮ ዲግሪ ገደማ መትነኑን ስለሚተው በስሜን ውርጭ ይደክማል፤ ሽታው ከተሰማ መገጣጠሚያው በሳሙና አረፋ ይቀባል፣ አረፋው የሚነፋበትም ቦታ ቀዳዳው ነው። ጋዙ ከአየር ይከብዳልና፣ በመርከብ ሆድ እንደሚጠራቀም ሁሉ በጎጆም ወለል ላይ ስለሚተኛ፣ ክብሪት ሳይጫር በሩ ይከፈታል።