ኀዘን ስንት ድምፅ አለው?

በዶርማችን አንድ የቆየ ጠብ አለ። ጠቡ የዳቦ አይደለም፤ የአልጋም አይደለም። ፓራዳይዝ ሎስት የሚባል የእንግሊዝ ባንድ በ1999 «ሆስት» የሚል አልበም አወጣ፤ ጠቡ የተነሣው በእሱ ነው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።) ገሚሶቻችን «ክህደት ነው» እንላለን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ከሠሯቸው ሁሉ አንጀት የሚበላው ይኸ ነው» ብለን ሙጭጭ እንላለን። አልበሙ ሲወጣ ማናችንም አልተወለድንም ነበር። ታዲያ ምን አገባን? ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ማታ ራሳችንን ጠየቅንና ነገሩን ከሥሩ ለማየት ተነሣን።

ይህን ሙዚቃ ለማያውቅ ወንድምና እኅት ባጭሩ እንንገር። ጊታሩ ሆን ተብሎ እንዲሻክር የተደረገ ነው። ከበሮው እንደ ቀብር ሰልፍ ይጓተታል፤ ዘፋኙ ደግሞ አይዘፍንም፣ እንደ በሬ ያጓራል። ግጥሙ ስለ ሞት፣ ስለ ጠፋ እምነትና ስለ ተቀበረ ፍቅር ነው። የዘሩ ሐረግ ሲቈጠር በርሚንግሃም ይደርሳል፤ ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበሙን በ1970 ካወጣባት የፋብሪካ ከተማ። የባንዱ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። እዚያ ሳለ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቈረጠበት። ግራኝ ነውና ክር የሚጫነው በዚሁ እጁ ነው። ለቈሰሉት ጣቶቹ እንዲቀልለው ቀጫጭን ክር መረጠ፤ በኋላም ክሩን ማላላት ጀመረ፤ ድምፁም ወፈረ። እንግዲህ «የጥንቱ ንጹሕ ድምፅ» እያልን የምንምልበት ነገር ራሱ የአንድ የሥራ ላይ አደጋ ልጅ ነው። ይህን ስናነብ ከወዲሁ ደንገጥ ብለናል።

አሁን ወደ ሰሜን እንግሊዝ እንሻገር። ሃሊፋክስና ብራድፎርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሱፍ ጨርቅ የከበሩ ከተሞች ነበሩ። በ1980ዎቹ ግን ከፋብሪካዎቻቸው ብዙዎቹ ተዘግተው፣ ረጃጅም የጭስ ማውጫዎቻቸው እንደ ሐውልት ቆመው ነበር። ፓራዳይዝ ሎስት በ1988 በሃሊፋክስ ተቋቋመ። ማይ ዳይንግ ብራይድ በ1990 በብራድፎርድ፣ አናቴማም በዚያው ዓመት በሊቨርፑል ተከተሉ። ሦስቱንም ያሳተማቸው ፒስቪል የሚባል አነስተኛ ድርጅት ነው፤ መሠረቱ እዚያው አጠገብ ዱውስበሪ በምትባል ከተማ ነበር። በአፍቃሪው ዘንድ «የፒስቪል ሦስቱ» የተባሉት በዚህ ነው። ሦስቱም ያጓሩ ነበር። በኋላም ሦስቱም፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ፣ ማጓራቱን ተዉት። ጠቡ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የፓራዳይዝ ሎስትን ነገር ረጋ ብለን እንየው። በ1990 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ደረቅ ማጓራት ነው፤ ሌላ ጌጥ የለውም። በ1991 «ጎቲክ»ን ሲያወጡ ከማጓራቱ ጎን የሴት ድምፅና ኦርኬስትራ አስገቡ። ዛሬ የጥንቱ ወገን እንደ ታቦት የሚያከብረው ይህንኑ «ጎቲክ»ን ነው። እሱ ራሱ ግን ለውጥ ነበር፤ ያውም በአንድ ዓመት ውስጥ የመጣ። በ1993 «አይኮን» ሲወጣ ማጓራቱ ቀርቶ ዘፋኙ ኒክ ሆምስ በሻከረ ድምፅ ይዘፍናል። በ1995 «ድራኮኒያን ታይምስ» መጣና ስማቸው በአውሮፓ ገነነ። በ1997 ኪቦርድ ገባ። በ1999 ደግሞ ኢ.ኤም.አይ. ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር «ሆስት»ን አወጡ። ጊታሩ ኪቦርዱ ሥር ተቀበረ፤ ድምፃቸውም ወደ ዴፔሽ ሞድ ተጠጋ። ፀጉራቸውን መቈረጣቸው እንኳ ማስረጃ ሆኖ ተቈጠረባቸው! «ለገንዘብ ተሸጡ» ተባለ።

ኧረ ለመሆኑ ገንዘብ የለበትም ወይ? ቢኖርበት አይደንቀንም፤ ትልቅ ኩባንያ ሰው ጠርቶ ውል የሚያስፈርመው ለጽድቅ አይደለም። ብቻ ገንዘብ ሁሉን አያስረዳም። የስዊድኑን ካታቶኒያን እንውሰድ። ዘፋኙ ዮናስ ሬንክሰ ማጓራት ጉሮሮው እምቢ አለው። በ1996 ባወጡት አልበም ላይ የኦፔዙ ሚካኤል ኦከርፌልት እንግዳ ሆኖ አጓራለት። ከ1998 ጀምሮ ሬንክሰ በለሆሳስ መዝፈን ያዘ፤ ባንዱ እስከ ዛሬ የሚታወቀውም በዚሁ ድምፅ ነው። እዚህ ላይ ተሸጠ የሚባል ሰው የለም፤ ጉሮሮ ነው የወሰነው። እንደ አዮሚ ጣት ማለት ነው።

ማይ ዳይንግ ብራይድን በአጭሩ እንለፈው። በ1998 ለየት ያለ ነገር ሞከሩ፤ አፍቃሪው አኮረፈ። በ1999 ወደ ጥንቱ ክብደትና ወደ ማጓራቱ ተመለሱ፤ አፍቃሪውም ታረቀ። በበኩላችን የተመለሱበትን አልበም እንወደዋለን። ሆኖም ፈልገው ነው ወይስ ፈርተው የሚለው ጥያቄ እያዳመጥን ሳለ ይመጣብናል።

ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። የጥንቱ ወገን ክርክር በአንድ ምሰሶ ላይ ቆሟል፤ «እውነተኛ ኀዘን ማጓራት ነው፤ ለስላሳው ማስመሰል ነው» ይላል። እኛም አንዳንዶቻችን ይህን በሙሉ ልብ ብለናል። ታሪኩ ግን ሁለት እውነተኛ ለቅሶዎች ያሳየናል።

አናቴማ ውስጥ ወንድማማቾች ነበሩ፤ የካቫና ልጆች። በ1995 የመጀመሪያው ዘፋኝ ዳረን ዋይት ሲለቅ ቪንሰንት ካቫና ማይክራፎኑን ያዘ፤ ማጓራቱም ቀስ በቀስ ቀረ። በ1998 እናታቸው ሞተች። በ1999 የወጣውን «ጀጅመንት» የተባለውን አልበም ለእሷ መታሰቢያ አደረጉት። በዚህ አልበም ማንም አያጓራም። ልጅ በራሱ ድምፅ ይዘፍናል፤ ያ ብቻ ነው። ባንዱም እንቅስቃሴውን እስካቆመበት እስከ 2020 ድረስ ወደ ማጓራት ፊቱን አላዞረም።

የፓራዳይዝ ሎስቱ ጊታር ተጫዋች ግሬግ ማኪንቶሽ ደግሞ አባቱ ሞተበት። ይህ ሰው ያንን ለስላሳ «ሆስት» ከሠሩት አንዱ ነው። በ2010 ቫለንፋየር የሚባል ሌላ ባንድ አቋቋመ፤ በ2011 በወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይም ማይክራፎኑን ራሱ ይዞ አጓራ! የወጣትነቱን ሙዚቃ፣ ያንኑ ጥንታዊና ጨካኝ ድምፅ፣ ለአባቱ አወጣው። ከዚያም በ2015 ፓራዳይዝ ሎስት ራሱ ባወጣው «ዘ ፕሌግ ዊዝኢን» ላይ የሆምስ ማጓራት ተመለሰ።

አንዱ ልጅ በለሆሳስ፣ ሌላው በማጓራት። ከሁለቱ ማንኛው ነው ያስመሰለው? እኛ ለቅሶ ቤት አድገናል። አንዷ ደረቷን እየደቃች ታስለቅሳለች፤ አንዱ ደግሞ ጥግ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቃል አይወጣውም። ዝም ያለውን «እንባው ደረቀ» ብላ የምታማ ጎረቤት አትጠፋም። እኛም ስለ «ሆስት» ስንፈርድ የያዝነው የዚችን ጎረቤት ወንበር ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ መደበቅ አይገባም። ከመካከላችን የጥንቱ ወገን ዋና ተሟጋች የነበረው ልጅ ባለፈው ዓመት አባቱን ለመቅበር አገር ቤት ሄዶ ነበር። ሲመለስ ያንን የሚያጓራውን ሙዚቃ ጮክ አድርጎ ይከፍታል ብለን ጠበቅን፤ ተቆጪ እንኳ እንዳይናገረው ተማክረን ነበር። እሱ ግን ለአንድ ወር ያህል ምንም አልሰማም። የጆሮ ማዳመጫውን ለሌላ ልጅ አውሶ ግድግዳ እያየ ይተኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክርክሩን በፊት እንደምናደርገው አላደረግነውም። አንድ ሁለት ጊዜ ጀምረን አፍረን ተውነው።

ሰዎቹ ግን ከእኛ ይልቅ የቀለላቸው ይመስላል። ሆምስና ማኪንቶሽ ሁለት ሆነው አንድ የኪቦርድ ባንድ አቋቋሙ፤ ስሙንም «ሆስት» አሉት፤ በዚያ በተሰደበው አልበም ስም። በ2023 ደግሞ ከፓራዳይዝ ሎስት ጋር ሆነው የ1993ቱን «አይኮን» እንደ ገና ከመጀመሪያው ቀረጹት። ሁለቱም ወገን «ይኸው፣ ትክክል ነበርን!» አለ።

ያ ልጅ ባለፈው ሳምንት ማዳመጫውን አስመልሶ ምን ልስማ ሲለን ተያየን። ማንም አልመለሰለትም።