ቪዲዮው ለምን አልወርድ አለ? የግልባጭ ታሪክ ከጣና ዳር

«አልወርድ አለ» የምትለው አነጋገር በባሕር ዳር የሰላምታን ያህል የተለመደች ሆናለች። የፔዳ ተማሪ ትምህርቱን በስልኩ ሊያስቀር ሲሞክር ይላታል፤ ሚሞሪ የሚጭነው የሱቅ ልጅ ደንበኛው ፊት ይላታል፤ ልጇ ከውጭ አገር የላከላትን የሠርግ ቪዲዮ ለጎረቤት ለማሳየት የጓጓች እናትም ትላታለች። እስከ ትናንት ያለችግር ይወርድ የነበረው ዛሬ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ወይም ሥዕሉ መጥቶ ድምፁ ይቀራል፤ ወይም ጨርሶ «አይገኝም» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ያን ጊዜ አንዱ ስልኩን፣ ሌላው ኔትወርኩን፣ ሦስተኛው ዕድሉን ይረግማል።

ምሬቷ ትንሽ ትመስላለች። ከበስተጀርባዋ ያለው ጥያቄ ግን አሮጌና ትልቅ ነው፦ አንድ ነገር የኛ ነው የምንለው መቼ ነው? ስናየው ነው? ወይስ ግልባጩ በእጃችን ሲገባ? የጣና ዳር ሰው ይህን ጥያቄ ከኢንተርኔት በፊት ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ ያውቀዋል።

«መገልበጥ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ዛሬ ፋይል ከፍላሽ ወደ ኮምፒዩተር ስናሻግር «ገለበጥኩት» እንላለን። ቃሉን የወረስነው ግን ከጸሐፊዎች ነው። በክብራን ገብርኤል፣ በዳጋ እስጢፋኖስ፣ በጣና ቂርቆስና በሌሎቹ የሐይቁ ገዳማት መጽሐፍ የሚበዛው በመገልበጥ ነበር። ብራና ይፋቃል፣ ቀለም ይበጠበጣል፣ የመቃ ብዕር ይቀረፃል፤ ከሌላ ደብር በአደራ የመጣው መጽሐፍ ፊት ለፊት ተዘርግቶ ቃል በቃል ይጻፋል። ሥራው ወራት ይፈጃል። ካለቀ በኋላ ግን መጽሐፉ ሁለት ሆነ ማለት ነው። አንዱ ቢቃጠል ሌላው አለ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን የአብያተ ክርስቲያናት ንዋያተ ቅድሳትና መጻሕፍት ወደ ጣና ደሴቶች የሸሹት ውኃው አጥር ስለሆነላቸው ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። መጽሐፉ እንዲወረስ ግን መጀመሪያ መገልበጥ ነበረበት።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብ ብዕሩን ካሜራ ተካው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያ ጥናት ሊቁ ኤርንስት ሐመርሽሚት የጣና ገዳማትን ብራናዎች በማይክሮፊልም አነሣ፤ የመጀመሪያው የካታሎጉ ቅጽም እ.ኤ.አ. በ1973 ታተመ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የተባለው ሰፊ ሥራ ተጀመረ። ይህ ድርጅት ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጉ ብራናዎችን ፎቶ ሲያነሣ አንዱ ግልባጭ አዲስ አበባ እንዲቀመጥ፣ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል እንዲኖር ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የሕይወታቸውን ትልቅ ክፍል የሰጡት እነዚህን ግልባጮች እያነበቡ ዝርዝራቸውን ለማዘጋጀት ነው። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ልብ ይሏል፦ ግልባጩ በሁለት አገር ተቀመጠ፤ እያንዳንዱም በራሱ ሙሉ ነው። ኮሌጅቪል ያለውን ፊልም ለማንበብ የአዲስ አበባው በር መከፈት አያስፈልገውም።

*

ቪዲዮ ወደ ከተማው ሰው የመጣው በዴክ ነው። የጃፓኑ ጄ.ቪ.ሲ. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው የቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት በእኛ አገር ቪዲዮ ቤቶችን ወለደ። ጎረምሳው ሳንቲሙን ከፍሎ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቦ፣ የህንድ ፊልምና የካራቴ ፊልም ያያል። የዚያ ዘመን ብልሽት ዓይን ለዓይን የሚታይ ነበር። ሥዕሉ በረዶ ሲጥልበት የዴኩ ጭንቅላት ቆሽሿል ማለት ነው፤ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረጋል። ቴፑ ከተበላ ካሴቱ ተፈትቶ የተጨማደደው ይቆረጣል። የግልባጭ ግልባጭ ደግሞ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ አምስተኛው ቅጂ ላይ የተዋናዩን ፊት ለመለየት ያስቸግራል። ቢሆንም ካሴቱ የባለቤቱ ነው። ፋብሪካው ከቶኪዮ ተነሥቶ ባሕር ዳር ያለ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠውን ካሴት ሊያጠፋ አይችልም።

ከካሴቱ በኋላ ሲዲ መጣ። በቪሲዲ አንዷ ገበታ የምትይዘው ሰባ ደቂቃን ትንሽ ያለፈ ስለነበር አንድ ፊልም በሁለት ሲዲ መሸጡ የተለመደ ሆነ። ከዚያም ሞባይሉ ሲስፋፋ «ሚሞሪ እንጭናለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች በየመንገዱ ተለጠፉ። ሚሞሪ ጫኙ የዘመኑ ጸሐፊ ነው ብንል አናጋንንም፤ እርሱም ከአንዱ ወደ ሌላው ይገለብጣል፣ እርሱም በቅጂ ይከፈለዋል። ልዩነቱ ጸሐፊው የሚገለብጠውን መጽሐፍ በአደራ ሲያመጣ፣ ሚሞሪ ጫኙ የድምፃዊውን ላብ ሳያስፈቅድ መውሰዱ ነበር። የአርቲስቶች ጩኸት በበረታበት በዚያ ዘመን፣ በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። አዋጁ በአንድ በኩል ለንግድ መገልበጥን ሲከለክል፣ በሌላ በኩል አንድ ሰው የታተመን ሥራ ለግል ጉዳዩ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ የሥራው ባለቤት ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። ይህ መስመር፣ ማለትም ለራስ በመያዝና ለገበያ በመቸርቸር መካከል ያለው መስመር፣ ቪዲዮ በምናወርድበት ጊዜም ሊዘነጋ አይገባውም።

*

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ተቋቋመ፤ በቀጣዩ ዓመት ጉግል ገዛው። በዚያው በ2006 ዩቲዩብ-ዲኤል የሚባል ነጻ ፕሮግራም ተጻፈ፤ ሥራው ከገጹ ላይ ቪዲዮን ማውረድ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በባለገጹና በአውራጆቹ መካከል የድመትና የአይጥ ሩጫ አለ። ባለገጹ ሰው በገጹ ላይ ሆኖ እንዲያይለት ይፈልጋል፤ ገቢው ማስታወቂያ ነውና። የአገልግሎት ደንቡም እርሱ ካዘጋጀው መንገድ ውጭ ማውረድን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 የአሜሪካ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር ባቀረበው አቤቱታ ዩቲዩብ-ዲኤል ጊትሐብ ከተባለው የፕሮግራም ማከማቻ ተነሣ። ብዙ ክርክር ተደረገበትና በኅዳር ወር ተመለሰ። ቅርንጫፉ የሆነው ዋይቲ-ዲኤልፒ በኋላ ዋነኛው ሆኗል።

እንግዲህ የአብዛኛው «አልወርድ አለ» ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ዩቲዩብ ቪዲዮውን እንደ ዳቦ ቆርሶ አይሰጥም። ለተመልካቹ መክፈቻ ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ቁልፉም የሚሰላው ገጹ ውስጥ በተጻፈ ቀመር ነው። አውራጁ ፕሮግራም ይህን ቀመር እንደ ብራውዘር አንብቦ ቁልፉን ያወጣል። ባለገጹ ቀመሩን በለወጠ ቁጥር የትናንቱ ፕሮግራም በዛሬው በር ላይ በአሮጌ ቁልፍ ይታገላል። ስልኩ አልተበላሸም፤ ኔትወርኩም ደህና ነው፤ ፕሮግራሙ አርጅቷል። መድኃኒቱ ማደስ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ፕሮግራሙ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ በቴሌግራም ወይም በብሉቱዝ ስለሚተላለፍ ገና ሲጫን ያረጀ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህም የከፋው፣ ከማይታወቅ እጅ የመጣ ፕሮግራም በስውር ማስታወቂያ እያስኬደ የባለቤቱን ዳታ ሊበላ መቻሉ ነው።

ሌሎቹ ምልክቶችም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ሥዕል መጥቶ ድምፅ ከቀረ፣ ዩቲዩብ ከፍ ያለ ጥራት ያለውን ቪዲዮ ሥዕሉንና ድምፁን ለየብቻ ስለሚያስቀምጥ ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱን የሚያጋባበት መሣሪያ ከሌለው ሥዕሉን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ መሞከር አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። አዲስ አበባ ያለ ወዳጅ ያወጣው ቀጥተኛ የማውረጃ አድራሻ ባሕር ዳር አልከፍት ካለ፣ አድራሻው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የሚሞትና ከጠየቀው ሰው መስመር ጋር የታሰረ በመሆኑ ነው፤ የቪዲዮውን የገጽ አድራሻ ተቀብሎ እንደገና መጠየቅ ይሻላል። ረጅም ፊልም አራት ጊጋባይት ገደማ ላይ ደርሶ ከቆመ ጥፋቱ የሚሞሪ ካርዱ ነው። ፋት 32 በተባለው የቆየ አሠራር የተዘጋጀ ካርድ ቦታ እያለውም ከዚያ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቪዲዮው በብራውዘርም ካልታየ ደግሞ ባለቤቱ አንሥቶታል ወይም ዘግቶታል፤ እዚያ ላይ ፕሮግራም መቀያየር ድካም ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «በብራውዘር ይታያል ወይ?» የሚል ይሁን። ከታየና ካልወረደ ነገሩ የፕሮግራሙ ነው። ይህ ብቻ ካልታየና ሌሎች ከታዩ ነገሩ የቪዲዮው ነው። ምንም ነገር ካልታየ ግን ነገሩ የመንገዱ ነው።

*

የመንገዱ ታሪክ በባሕር ዳር ከሁሉም ይከብዳል። የፈተና ወረቀት ሾልኮ ከወጣ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. ማኅበራዊ መገናኛዎች ለፈተና ሲባል ታገዱ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳር የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው፣ በአዲስ አበባ ደግሞ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሰዓረ መኮንን ሲገደሉ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ከተማዋ ሐዘኗን የያዘችው ለዓለም ልትናገርበት የምትችልበት መስመር በሌለበት ነበር። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዩቲዩብን፣ ቴሌግራምን፣ ፌስቡክንና ቲክቶክን ያካተተ እገዳ ለአምስት ወራት ያህል ቆየ። ያን ጊዜ ቪ.ፒ.ኤን. የሚለው ቃል ከተማረውም ካልተማረውም አፍ አይጠፋም ነበር።

እገዳው በሐምሌ በተነሣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የአማራ ክልል ጦርነት ጀመረ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም በክልሉ ተቋረጠ። በባሕር ዳርና በሌሎች ጥቂት ከተሞች የተመለሰው ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ነው። ቪ.ፒ.ኤን. በተዘጋ በር ላይ አቋራጭ ያገኛል፤ መንገዱ ራሱ ከሌለ ግን አቋራጭ የለም። በእነዚያ ወራት ስልክ ውስጥ የቀረ፣ ሚሞሪ ላይ የተጫነ፣ ፍላሽ ላይ የተገለበጠ ነገር ብቻ ነበር የሚታየው። ቀድሞ ያወረደ አየ፤ «በኋላ አየዋለሁ» ያለ ቀረበት። የሠርግ፣ የቀብር፣ የትምህርት ቪዲዮ ሁሉ በአንድ አገር መጋዘን ውስጥ እያለ ለባለቤቱ የሌለ ያህል ሆነ።

ይህን ታሪክ ከደሴቶቹ ታሪክ ጋር ስናስተያየው አንድ የሚያሳስብ ነገር ይታያል። አባቶቻችን በወራት ድካም አንድ መጽሐፍ ሲገለብጡ መጽሐፉ የእነርሱ ይሆን ነበር። እኛ በአንድ ቀን ሺህ ቪዲዮ እያየን አንዱም የኛ አይደለም። ያየነው ሁሉ በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ቁልፍ፣ በሌላ ሰው መንገድ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ቢያረጅ ይታደሳል፤ ሚሞሪው ቢሞላ ይለወጣል። አንዲት አያት ስለ ልጅነቷ የተናገረችበት፣ ባለቤቱም ገጹን የዘጋበት ቪዲዮ ግን ግልባጭ ከሌለው በምንም ዓይነት አዲስ ፕሮግራም አይመለስም።

ስለዚህ ምክሩ የቆየው የጸሐፊዎች ምክር ነው። የራስህን ሠርግ፣ የቤተሰብህን ድምፅ፣ የመንደርህን ታሪክ ገጽ ላይ ጫንኩት ብለህ ዋናውን ከስልክህ አታጥፋ። ሁለት ግልባጭ ይኑረው፤ ሁለቱም አንድ ቤት አይቀመጡ። በላዩም ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ ይጻፍበት፤ ስም የሌለው ፋይል ከሃያ ዓመት በኋላ እንግዳ ነውና። የድምፃዊውን ሥራ ስትይዝም ለራስህ ያዝ እንጂ አትቸርችረው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን መስመሩ ሳለ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።