ታጥበው ያልጠፉት ሥዕሎች

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ፣ ከቶኪዮ ብዙም በማይርቀው የቺባ ዩኒቨርሲቲ ዕቃ ቤት፣ ለዓመታት ተረስተው የኖሩ 250 ያህል የዋልት ዲዝኒ የካርቱን ሥዕሎች ተገኙ። በ1960 «ስሊፒንግ ቢዩቲ» ለተባለው ፊልም ማስተዋወቂያ በጃፓን ሲዘዋወር ከነበረ ዐውደ ርእይ የተረፉ ናቸው። የዲዝኒ ኩባንያ ለቶኪዮ ብሔራዊ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም አበርክቷቸው ነበር፤ ሙዚየሙም ለዩኒቨርሲቲው አሳልፎ ሰጣቸው። በ2006 ጃፓን ውስጥ እንደገና ለሕዝብ ታዩ። በኋላም ወደ ዲዝኒ ተመለሱ፤ ዩኒቨርሲቲው በምትኩ ዲጂታል ቅጂዎችና 1 ሚሊዮን ዶላር ልገሳ አገኘ።

እንዲህ ያለ ግኝት ብርቅ የሆነው በካርቱን ፊልም አሠራር ምክንያት ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስሎችን ያሳያል። ሠዓሊው በወረቀት ላይ የነደፈው ገጸ ባሕርይ ሴል በሚባል ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ላይ ይገለበጥ፣ ጀርባው ቀለም ይቀባ፣ ከዚያ በመደብ ሥዕል ላይ ተነጥፎ ፎቶ ይነሣ ነበር። በዲዝኒ መስመሩን የሚገለብጡትና ቀለሙን የሚቀቡት በአብዛኛው ወጣት ሴቶች ነበሩ። እጃቸው የማይንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸው የማይስት ባለሙያዎች ቢሆኑም ስማቸው ከፊልሙ ጋር አይወጣም ነበር። ፎቶው ከተነሣ በኋላ ለሴሉ የሚጨነቅ አልነበረም፤ ብዙው ታጥቦ ለሌላ ሥዕል ዋለ፣ ሌላው ተጣለ።

ከተረፈው ብዙው በገበያ በኩል ተረፈ። ከ1938 ጀምሮ የሳን ፍራንሲስኮው ኩርቩዋዚየ ጋለሪ የ«ስኖው ዋይት»ን ሴሎች በፍሬም አሳምሮ ሸጠ። በ1955 የተከፈተው ዲዝኒላንድም የፊልም ሴሎችን በጥቂት ዶላር ለጎብኚዎች ይቸበችብ ነበር። በ1989 ግን በኒው ዮርክ ጨረታ ከ1934ቱ «ኦርፋንስ ቤኔፊት» የተገኘ ሴል 286,000 ዶላር አወጣ። በዚያው ዓመት የወጣው «ዘ ሊትል መርሜድ» በእጅ በተቀቡ ሴሎች የተሠራ የዲዝኒ የመጨረሻ ረጅም ፊልም ሆነ። ከዚያ በኋላ ቀለሙን ኮምፒውተር ተረከበ።

ሰብሳቢዎችን በስግብግብነት መክሰስ ቀላል ነው፤ ሆኖም ስቱዲዮው ያጥብ የነበረውን ያቆዩት እነሱ ናቸው። ማቆየቱም ቀላል አይደለም። የጥንቱ ናይትሬት ፕላስቲክ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ የኋለኛው አሲቴት ሲያረጅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ይሸበሸባል፣ ቀለሙም ይረግፋል። ሙቀት፣ እርጥበትና ፀሐይ ጠላቶቹ ናቸው።

ሙዚየሞችም ሆኑ ሰብሳቢዎች እነዚህን ሥራዎች ሲያሳዩ በፊልሙ ርእስና በስቱዲዮው ስም ብቻ ሊያልፏቸው አይገባም። የቀባችው ሴት ማንነት በታወቀበት ሁሉ ስሟ ከሥዕሉ ጎን ይጻፍላት።