ማኅተም ያለው ብር፣ ማኅተም የሌለው ብር

ሸክላ ቢሰበር ገሉ ይቀራል። ብራና እንኳ ቢቃጠል ቅጂው በሌላ ደብር ሊገኝ ይችላል። ብር ግን አንዴ ከቀለጠ ማዕድኑ ሙሉ ሆኖ ታሪኩ ብቻ ይጠፋል። አሮጌ የብር ዕቃዎችን፣ በተለይም ለገበታ የሚቀርቡ ጎድጓዳ ሳህኖችን መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ከውበታቸው ይበልጥ የሚያስደንቀኝ እስከ ዛሬ መትረፋቸው ነው።

የመቅለጣቸው ምክንያት ግልጽ ነው። በቋንቋችን ብር የማዕድኑም የገንዘቡም ስም ነው፤ በሌላውም ዓለም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ለመኳንንት ቤት የብር ሳህን ጌጥም ጥሪትም ነበር፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ወደ እሳት ይገባል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1689 ለጦርነት ገንዘብ ሲያጥረው፣ የቬርሳይ ቤተ መንግሥቱ መመኪያ የነበሩትን የብር ጠረጴዛዎችና መቅረዞች አቅልጦ ሳንቲም አስመታቸው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ታየ። ሕዝቡ ሳንቲሙን እየሸረፈና እያቀለጠ ዕቃ ያሠራበት ስለ ነበር መንግሥት በ1697 የዕቃ ብር ከሳንቲሙ የጠራ እንዲሆን አዘዘ። ከ1,000 እጅ 925 የነበረው ጥራት ወደ 958 ከፍ አለ፤ ግዴታውም እስከ 1720 ጸና።

ከእሳት ያመለጠው የእንግሊዝ ብር ግን አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ የልደት ምስክሩን በገላው ይዞ ይዞራል። በ1300 በወጣ ሕግ ተፈትኖ ያለፈ ብር የነብር ራስ እንዲመታበት ተወሰነ። በ1363 የሠሪው ምልክት፣ በ1478 ዓመቱን የሚያመለክት ፊደል፣ በ1544 ደግሞ የሚራመድ አንበሳ ተጨመሩ። በ1773 በርሚንግሃም መልሕቅን፣ ሼፊልድ ዘውድን የከተማ ምልክት አድርገው ያዙ። እኔ ዘንድ ካሉት ሳህኖች አንዷ ከቡና ሲኒ እምብዛም አትበልጥም። ግን በአጉሊ መነጽር ከሥሯ ሲያዩአት መልሕቁ፣ አንበሳው፣ ፊደሉና የአንጥረኛው ስም መነሻ ተደርድረው ይታያሉ። የት፣ መቼ፣ በማን እጅ እንደ ተሠራች የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም።

የዕቃው ቅርጽም የራሱ ወሬ አለው። በ1680ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ሞንቴይት የሚባል ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ብቅ አለ። ጠርዙ ቦታ ቦታው ላይ የተሸረፈ ይመስላል፤ የወይን ብርጭቆዎች እግራቸው ከሽርፉ ላይ ተንጠልጥሎ አፋቸው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንዲነከር ታስቦ ነው። ስያሜውም የካባው ጫፍ እንዲሁ የተቆራረጠ ከነበረ አንድ ስኮትላንዳዊ የመጣ መሆኑን የዘመኑ ሰው ጽፎታል። አንድ ሳህን የአንድ ዘመን ግብዣ እንዴት ይካሄድ እንደ ነበር ያስረዳል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የሚያብረቀርቅ ሁሉ ብር አይደለም። በ1840 የበርሚንግሃሙ ኤልኪንግተን በኤሌክትሪክ ብር የመለበጥን ዘዴ በስሙ ካስመዘገበ ወዲህ ውስጣቸው ሌላ ብረት የሆነ ሳህኖች ዓለምን ሞልተዋል። «ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ.» የሚሉ የላቲን ፊደሎች ያሉበት ዕቃ ከዚህ ወገን ነው። ለገበታ ያምራል፤ በብር ዋጋ ግን አይገዛም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ታሪኩ ሌላ መልክ ይይዛል። ለአንጥረኞቻችን ዋናው ጥሬ ዕቃ ጠገራ ብር ነበር። 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው፣ ከ1,000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር የሆነው የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ እየቀለጠ ድሪ፣ አልቦ፣ አምባርና የአንገት መስቀል ሆኗል። ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላ የተመታው ጠገራ ሁሉ ያው 1780 የሚል ዓመት ይጻፍበት ነበር፤ ኢጣሊያ በ1930ዎቹ ሮማ ላይ ያስመታችውም እንኳ ሳይቀር። እንግዲህ ጥሬ ዕቃው ራሱ ዕድሜውን ይደብቃል። ከእርሱ የተሠራው ጌጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዓመትም የሠሪ ስምም የለበትም።

የሠሪው ስም አለመኖሩ ብዙም አያስገርምም። ባለ እጅ በሥራው ይሰደብ የነበረበት አገር ነው፤ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። ስሙን መጥራት የሚያሳፍር ሰው ስሙን በብር ላይ ሊቀርጽ አይጠበቅም።

ጽሑፍ ያለው ዕቃ ምን ያህል እንደሚናገር ግን ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ጽዋ ያሳያል። የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባውን ከያዘ በኋላ የተዘረፈው ይህ ጽዋ ዛሬ የሚገኘው ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። በላዩ የተቀረጸው የግዕዝ ጽሑፍ ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ለጎንደር ቁስቋም የሰጡት መሆኑን ይመሰክራል። የማን ነበር የሚለው ጥያቄ ሲነሳ መልሱን ጽዋው ራሱ ይሰጣል። ከአንድ ባላገር ቤት የወጣ ስም የለሽ አምባር ግን ለማን ይመሰክራል?

ዛሬ የአያት ድሪ ብር ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው ሚዛኑ ነው። ግራሙ ይነገራል፣ ዋጋው ይቆረጣል፣ ድሪው ይቀልጣል። ማን ሠራው፣ በማን ሠርግ ተደረገ፣ ከየት አገር መጣ የሚለው አብሮ እሳት ይበላዋል። የእንግሊዙን ሳህን ለመጠበቅ እኔ አላስፈልገውም፤ ማኅተሙ ይበቃዋል። የእኛ ብር ግን ያለ ባለቤቱ ቃል ዲዳ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ በቤትዎ አሮጌ የብር ዕቃ ካለ አዛውንቶቹ በሕይወት ሳሉ ይጠይቁ። የሰሙትን ስም፣ ቦታና ጊዜ በወረቀት ጽፈው ከዕቃው ጋር ያስቀምጡ። መሸጥ ግድ ቢሆን እንኳ ወረቀቱን ለገዢው አብረው ይስጡ።