ካልጋሪ፦ የሮኪ ተራሮች የሠሯት ፀሐያማ ከተማ

ከባሕር ጠለል በላይ 1,045 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሰፊው የካናዳ የሣር ሜዳ አብቅቶ የሮኪ ተራሮች ግርጌ በሚጀምርበት ስፍራ የተቆረቆረችው ካልጋሪ፣ ብዙ ፀሐይ በማግኘት ከአገሪቱ ታላላቅ ከተሞች ግንባር ቀደም ናት። ይህ ፀሐይም ሆነ የከተማዋ ታሪክ በስተ ምዕራብ ከሚታዩት ተራሮች ተነጥሎ ሊታይ አይችልም።

ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር የተራሮቹን ምዕራባዊ ተዳፋት ሲወጣ ዝናቡንና በረዶውን እዚያው ስለሚያራግፍ፣ ወደ ካልጋሪ የሚደርሰው ደርቆ ነው። አየሩ ቁልቁል ሲወርድም በየ1,000 ሜትሩ 10 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፣ በብርዱ ወራት «ቺኑክ» የተባለውን ሞቃት ነፋስ ያስገኛል፤ በዚያን ጊዜ ከተራሮቹ በላይ ቀስት የመሰለ ደመና ይዘረጋል፣ በየመንገዱ የተከመረው በረዶም በሰዓታት ውስጥ መቅለጥ ይጀምራል።

ቦው እና ኤልቦው የተባሉት ወንዞች የሚገናኙበት ይህ ስፍራ ከጥንት ጀምሮ ጎሽ አዳኞቹ የብላክፉት ሕዝቦች የሚመላለሱበት ምድር ነበር። በ1875 እ.ኤ.አ. የሰሜን ምዕራብ ፈረሰኛ ፖሊስ ምሽግ ሠራበት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ብላክፉት፣ ሱቲና እና ስቶኒ ናኮዳ ከብሪታንያ ዘውድ ጋር «ሰባተኛው ውል» የሚባለውን ስምምነት ከፈረሙ ወዲህ፣ ነባሮቹ ሕዝቦች በተከለሉ መሬቶች ተወስነው የቀረው ምድር ለሰፋሪዎች ተከፈተ። የካልጋሪ ታሪክ ሲነገር የነባሮቹ ሕዝቦች ስም አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ስለዚህ ነው።

በ1883 የካናዳ ፓስፊክ የባቡር ሐዲድ ሲደርስ መንደሩ በፍጥነት አደገ፤ ነገር ግን አብዛኛው ቤት የእንጨት ስለነበር በኅዳር 1886 የተነሣው እሳት የመሀሉን ክፍል አወደመ። ነዋሪዎቹም ፊታቸውን በአካባቢው ወደሚፈለጠው የአሸዋ ድንጋይ፣ ማለትም አሸዋ ለረጅም ዘመን ተጣብቆ ወደሚፈጥረው ዐለት አዞሩ። ዛሬም በስቲቨን ጎዳና የሚያልፍ ሰው ቢጫና ቡናማ የተቀላቀለበትን ይህን ድንጋይ በየሕንፃው ፊት ያየዋል፤ በ1911 የተጠናቀቀው፣ ባለ ሰዓት ማማው የቀድሞ ማዘጋጃ ቤትም ከዚሁ የታነጸ ነው።

ሐዲዱ ወደ ተራሮቹም መንገድ ከፈተ። በ1883 ሦስት የባቡር ሠራተኞች ከካልጋሪ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በባንፍ ፍል ውኃ በማግኘታቸው፣ መንግሥት በ1885 አካባቢውን ከለለው፤ የካናዳ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክም ከዚህ ተወለደ። የባቡር ኩባንያው በ1888 ታላቁን የባንፍ ስፕሪንግስ ሆቴል የከፈተው ሐዲዱን በመንገደኛ ለመሙላት ነበር። ብዙ ጎብኚዎች ዛሬ ካልጋሪን ወደ ባንፍ መሸጋገሪያ ብቻ አድርገው ይቆጥሯታል፤ ይሁንና ተራሮቹን ለዓለም የከፈተው የሐዲድ፣ የውልና የሠራተኛ ታሪክ በከተማዋ ስለሚነበብ፣ ጉብኝቱ ከካልጋሪ ቢጀምር ተራሮቹ ራሳቸው የበለጠ ትርጉም ይኖራቸዋል።